ከምንጣፉ ሥር ያለው ብረት

ስለ አሮጌ አውቶሞቢሎች ወለልና ስለ መቀመጫ ማሠሪያ ጥገና ለማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ የቀረበ ንግግር



ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ የሚወስደው አውራ ጎዳና ደብረ ብርሃንን አልፎ ጣርማ በር ሲደርስ ከ3000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ይወጣል። በጣሊያን ወረራ ዘመን ከተፈለፈለው ዋሻ ወዲያ መንገዱ እየተጠማዘዘ ወደ ደብረ ሲና ይወርዳል፤ ከዚያም የይፋትን ቆላ ይዞ፣ ከአዲስ አበባ 225 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ በ1300 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ከተቆረቆረችው ከሸዋ ሮቢት ይደርሳል። ስለዚህ አንድ መኪና ከጣርማ በር እስከ ሮቢት ከ1700 ሜትር በላይ ቁልቁል ይወርዳል ማለት ነው። ይህን መንገድ የሚያውቅ ሾፌር ሁሉ በማርሽ እየያዘ፣ በየመታጠፊያው ፍሬን እየረገጠ መውረድ እንዳለበት ያውቃል።

ሾፌሩ ፍሬን በረገጠ ቁጥር በመቀመጫው ላይ የሚደርሰውን ነገር ግን የሚያስበው ጥቂት ሰው ነው። እግር ፔዳሉን ወደ ፊት ሲገፋ፣ ወገብና ጀርባ መቀመጫውን በዚያው ልክ ወደ ኋላ ይገፋሉ። ፔዳሉን በ50 ኪሎ ግራም ኃይል የሚረግጥ ሰው፣ መቀመጫው 50 ኪሎ ግራሙን ካልቻለለት መርገጥ አይችልም። መቀመጫው በሐዲዱ ላይ የቆመ ነው፤ ሐዲዱ በወለሉ ላሜራ ላይ የተበየደ ነው፤ ላሜራው ደግሞ ውፍረቱ ከ1 ሚሊ ሜትር ብዙም አይርቅም። ያ ላሜራ በዝገት ተበልቶ እንደሆነ፣ ሾፌሩ አጥብቆ በረገጠበት በዚያች ቅጽበት መቀመጫው ወደ ኋላ ይሸሻል፤ እግሩም ከፔዳሉ ይርቃል። የፍሬኑ ሸራ አዲስ፣ የፍሬኑ ዘይት ንጹሕ ቢሆን እንኳ መኪናው አይቆምም። ስለ አሮጌ መኪና ወለል የሚነገረው ነገር ሁሉ ከዚህ ይጀምራል። ወለል እግር ማሳረፊያና አቧራ መከላከያ ብቻ አይደለም፤ የፍሬኑ አንድ ክፍል ነው።

ጉዳዩ ያለፈ ዘመን ጉዳይ ነው የሚል ቢኖር፣ አገሩ ያለበትን ሁኔታ ቢመለከት ይበጃል። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ያገለገሉ መኪኖችን እንደ ዕድሜያቸው በከባድ ታክስ እንዲገቡ አድርጓል። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር ውስጥ እንዳይገቡ መወሰኑን አስታወቀ። የውሳኔዎቹ ምክንያት ምንም ይሁን ምን፣ ለጋራዥ ሰው የሚያስከትሉት አንድ ነገር ግልጽ ነው፤ በአገር ውስጥ ያለው አሮጌ መኪና ቶሎ አይጣልም፤ ይጠገናል፣ ይሸጣል፣ እንደገና ይጠገናል። ከነዚህም መካከል በዕድሜ አንጋፋው ቮልስ ዋገን፣ በተለምዶ «ቮልስ» የሚባለው ነው።

ቮልስ በዓለም ላይ 21,529,464 ጊዜ የተሠራ መኪና ነው። በ1964 ዓ.ም. የፎርድን ሞዴል ቲ ቁጥር በለጠ፤ የመጨረሻው በሐምሌ 1995 ዓ.ም. በሜክሲኮ፣ በፑዌብላ ፋብሪካ ተሠርቶ ወጣ። በኢትዮጵያ የአስተማሪው፣ የሐኪሙና የመንግሥት ሠራተኛው መኪና ሆኖ ኖሯል፤ ዛሬም በአዲስ አበባ መንገዶች ላይ እንደ ልብ ይታያል። በታሪክም ስሙ ይነሣል። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከዙፋናቸው ወርደው ከቤተ መንግሥታቸው የተወሰዱት በቮልስ የኋላ መቀመጫ ተቀምጠው ነበር። ከዚያ መቀመጫ ሥር ስለሚገኘው ዕቃ ወደ በኋላ ይነገራል።

የቮልስ ወለል አሠራር ከሌሎች መኪኖች ለየት ያለ ስለ ሆነ በመጠኑ መግለጽ ያስፈልጋል። መኪናው እንደ ጭነት መኪና ሁለት ረጃጅም የሻንሲ ብረቶች የሉትም። በመካከሉ ከፊት እስከ ኋላ የሚሄድ እንደ ቦይ ክፍት የሆነ አከርካሪ አለው፤ ከፊት በኩል የፊት አክሱሉ በቡሎን ይታሠርበታል፤ ከኋላ በኩል እንደ መንሽ ለሁለት ተከፍሎ ካምቢዮውንና ሞተሩን ይሸከማል። በአከርካሪው ግራና ቀኝ ሁለት የወለል ላሜራዎች ተበይደዋል። ከላይ ያለው አካል በዙሪያው በቡሎኖች ከነዚህ ላሜራዎች ጠርዝ ጋር ይገናኛል፤ በመካከላቸው ውሃና አቧራ እንዳይገባ የጎማ ማሸጊያ አለ። በበሮቹ ሥር፣ ከሞተሩ የሚመጣው ሙቅ አየር የሚያልፍበት የጎን ሣጥን ከዳር እስከ ዳር ይዘልቃል። አከርካሪው፣ ሁለቱ ላሜራዎችና የጎን ሣጥኖቹ አንድ ላይ ሲቆሙ መኪናው ግትር ይሆናል፤ አንዱ ሲበላ ሌሎቹ ያለ አቅማቸው ይሸከማሉ። በር አልዘጋ የሚል ቮልስ ብዙውን ጊዜ የበር ሕመም የለበትም። ወለሉ ወርዶ ነው።

በአከርካሪው ውስጥ ደግሞ የፍሪሲዮኑና የነዳጁ ሽቦዎች፣ የእጅ ፍሬኑ ሽቦዎች፣ የማርሹ ዘንግ፣ ከዚህም በላይ የነዳጅ ቧንቧው ያልፋሉ። የእግር ፔዳሎቹ ስብስብም በአከርካሪው ጎን በቡሎን የታሠረ ነው። እንግዲህ በያጁ እሳቱን የሚያቀርበው ወደ ባዶ ብረት እንዳይመስለው ያስፈልጋል።

አሁን ወደ ዝገቱ። ብረት የሚዝገው ውሃና አየር አብረው ሲያገኙት ነው፤ ዝገቱም ከበላው ብረት ይልቅ ብዙ ቦታ ስለሚይዝ፣ በሁለት ላሜራዎች መካከል ሲገባ እንደ ሽብልቅ ሆኖ ይለያያቸዋል። በቮልስ ላይ የመጀመሪያው ምክንያት ከኋላ መቀመጫ ሥር በቀኝ በኩል የተቀመጠው ባትሪ ነው። ባትሪው ሲሞላ የሚተነው፣ አንዳንዴም የሚንጠባጠበው አሲድ ቀለሙን ልጦ ላሜራውን ይበላዋል። ስለዚህ በአብዛኛው የቮልስ ወለል የሚበሳው መጀመሪያ ከዚያ ነው። ባለቤቱ ግን አያየውም፤ ባትሪውን የሚያስበው መኪናው አልነሣ ሲል ብቻ ነውና። ከመቀመጫው ሥር ያለው ሌላው አደጋ ይህ ነው፦ የባትሪው መሸፈኛ ከጠፋና ወፍራም ሰው ከኋላ ከተቀመጠ፣ የመቀመጫው ሞላዎች የባትሪውን ጫፎች ይነካሉ፤ ሞላው ይግላል፤ በላዩ ያለው የመቀመጫ ጭድም ይቃጠላል። በዚህ ምክንያት የተቃጠሉ ቮልሶች በዓለም ላይ ጥቂት አይደሉም። ባትሪው የቆመበት ላሜራ ተበልቶ ማሠሪያው ሲላላ ደግሞ ነገሩ ይብሳል።

ሁለተኛው ምክንያት ምንጣፉ ነው። ፋብሪካው ድምፅ እንዲቀንስ ብሎ በወለሉ ላይ ሬንጅ የተቀባ ሽፋን አኖረ፤ ባለቤቱ በላዩ የጎማ ምንጣፍ፣ በላዩም ሌላ ምንጣፍ ያነጥፋል። በመስተዋቱ ጎማ በኩል የገባ ዝናብ፣ ከጫማ የወረደ ጭቃ፣ መኪናው ሲታጠብ የፈሰሰ ውሃ፣ ይህ ሁሉ ከነዚያ ንጣፎች ሥር ገብቶ ይቀመጣል። ላዩ ሲነካ ደረቅ ነው፤ ከሥሩ ግን ከወር እስከ ወር እርጥብ ነው።

የይፋት መንገድ በዚህ ላይ የራሱን ይጨምራል። በጣርማ በር ጉም ውስጥ ያደረ ወይም ለረጅም ሰዓት የቆመ መኪና ብረቱ ይቀዘቅዛል። ከዚያም ወደ ቆላው ሲወርድ ሞቃትና እርጥበት ያለው አየር ያገኘዋል። ቀዝቃዛ የውሃ ጠርሙስ በሙቅ ክፍል ውስጥ ሲቀመጥ ላቡ እንደሚፈስ ሁሉ፣ በቀዘቀዘው ላሜራ ላይም ጤዛ ይወርዳል። ይህ ጤዛ የሚፈጠረው በወለሉ ሥር ብቻ ቢሆን ነፋስ ያደርቀው ነበር፤ ነገር ግን በጎን ሣጥኑ ውስጥና ከምንጣፉ በታችም ይፈጠራል። በደጋና በቆላ መካከል የሚመላለስ መኪና በአንድ ስፍራ ከሚኖረው ይልቅ ወለሉ ቶሎ የሚደክመው ስለዚህ ነው። በዚህ ላይ ይፋት ሁለት ዝናብ አለው፤ በልግና ክረምት። ወንዞቹም ከተራራው ወርደው ወደ አዋሽ ሲሄዱ ደለል ተሸክመው ይመጣሉ፤ በመሻገሪያ ያለፈ መኪና ከሥሩ የተለጠፈበትን ደለል ካላጠበ፣ ደለሉ እንደ እርጥብ ጨርቅ ውሃውን ይዞ ይቆያል።

ጨውም አለ። ይፋት ከጥንት ጀምሮ ከባሕር ወደ ሸዋ የሚወጣው የንግድ መንገድ ነው፤ የይፋት ሱልጣኖች ኃይልም ከዚሁ መንገድ የመጣ ነበር። በአውራ ጎዳናው ዘመን ደግሞ የአሰብ ጨው በጭነት መኪና ተጭኖ በባቲና በኮምቦልቻ በኩል በዚህ መንገድ ወደ መሐል አገር ይገባ ነበር። ጨው የጫነ መኪና ካሶኒና ሻንሲ ምን እንደሚመስል የድሮ ባትላሜራዎች ጠንቅቀው ያውቁታል። ለትንሽ አውቶሞቢል ግን ጨው ዋናው ጠላት አይደለም፤ ዋናው ጠላት ከምንጣፉ ሥር የተኛው ተራ ውሃ ነው። ከሮቢት ገበያ በጆንያ የተገዛ ሽንኩርትና ማንጎ ከመቀመጫው ጀርባ ተጭኖ ውሃው ሲንጠባጠብ የሚያደርሰው ጉዳት፣ ከጨው መኪና ኋላ ከመንዳት ይልቅ የከፋ ነው።

የምርመራው ሥራ ቀላል ነው፤ የሚጎድለው ፈቃዱ ነው። መቀመጫዎቹ ይወጣሉ፤ ምንጣፉና ከሥሩ ያለው ሽፋን ይነሣሉ። ከዚያም በመዶሻ እጀታ ወይም በካቻቢቴ ጫፍ ወለሉ ከዳር እስከ ዳር ይነካካል። ጤነኛ ብረት ሲመታ ይጮኻል፤ የታመመው ድፍን ድምፅ ይሰጣል፤ የሞተው ካቻቢቴውን ያሳልፋል። ልዩ ትኩረት የሚሹት የመቀመጫ ሐዲዶቹ ሥርና ጫፎቻቸው፣ የባትሪው መቀመጫ፣ ወለሉ ከጎን ሣጥኑ ጋር የሚገናኝበት መሥመርና ከፔዳሎቹ ፊት ያለው ማገር ናቸው። ይህን ማገር በውጭ አገር ያሉ ሠራተኞች በቅርጹ ምክንያት «የናፖሊዮን ባርኔጣ» ይሉታል፤ ስሙ ቢያስቅም ሥራው የሚያስቅ አይደለም። ሐዲዱ ራሱም ይታያል። የመቀመጫው መቆለፊያ ፒን የሚገባባቸው ጥርሶች ተበልተው ከሆነ፣ ወለሉ ጤነኛ ቢሆንም መቀመጫው ይሸሻል።

የዓመታዊ ምርመራ ደንብ ስለ መብራት፣ ስለ ፍሬን፣ ስለ መሪና ስለ ጎማ ይጠይቃል። ምንጣፍ ግን የሚያነሣ የለም። ከሥር በኩል ቢታይም፣ አዲስ ሬንጅ የተቀባ ወለል ጤነኛም የበሰበሰም አንድ ዓይነት ጥቁር ነው። ስለዚህ የወለሉ ዳኛ በመጨረሻ የሚሆነው የጠገነው ሰው ኅሊና ብቻ ነው።

እዚህ ላይ በየጋራዡ ሁልጊዜ የሚደርስ አንድ ክርክር አለ። ባለመኪናው ቆሞ የተነሣውን ምንጣፍና ከሥሩ የታየውን ቀዳዳ ይመለከታል። ከዚያም «አንድ ላሜራ ጣል አድርግበትና ቀለም ቀባው፤ ልሸጠው ነው» ይላል። ሠራተኛው ወጣት ከሆነ ይቸገራል። ባለመኪናው በዕድሜ አባቱን ያህላል፤ ሥራውም የዕለት እንጀራው ነው። «ጋሼ፣ እሱ ላሜራ መቀመጫ አይችልም» ብሎ ቢመልስ፣ ሰውየው በማግሥቱ ከመንገዱ ማዶ ወዳለው ጋራዥ ይሄዳል። ከመንገዱ ማዶ ያለው ደግሞ ቀለም ይቀባል። መኪናው ይሸጣል፤ የሚገዛውም አብዛኛውን ጊዜ አዲስ መግዛት የማይችል፣ ቤተሰቡን ይዞ ለበዓል ወደ አገሩ የሚወርድ ሰው ነው። በጣርማ በር ላይ ፍሬን የሚረግጠው እሱ ነው እንጂ የሸጠው አይደለም።

ይህን ችግር በምክር ብቻ ለመፍታት መሞከር ከንቱ ድካም ነው። ባለመኪናውን የሚያሳምነው ቃል አይደለም፤ ዓይኑ ነው። ልምድ ያለው ባለሙያ ቀዳዳውን ከማሳየት ይልቅ ባለመኪናውን በመቀመጫው ላይ ያስቀምጠዋል፤ ፍሬኑን አጥብቆ እንዲረግጥ ይነግረዋል፤ ሌላ ሰውም ከጎን ሆኖ የሐዲዱን እንቅስቃሴ በጣት ያሳያል። ላሜራው ሲተነፍስ፣ መቀመጫውም አንድ ጣት ያህል ወደ ኋላ ሲሄድ ያየ ሰው «ቀለም ቀባው» የሚለውን ቃል ለመድገም ይከብደዋል።

ጥገናው ሲጀመር የመጀመሪያው ሥራ መቁረጥ አይደለም፤ መለካትና መደገፍ ነው። ወለልና ጎን ሣጥኑ አንድ ላይ የተበሉበት መኪና ቢቆረጥ በመካከሉ ይጎብጣል። ስለዚህ በበሩ ክፍተት ውስጥ፣ ከፊተኛው ምሰሶ እስከ ኋለኛው ምሰሶ ወፍራም ቧንቧ ይታሠራል። በአክሱሎቹ መካከል ያለው ርቀት 2400 ሚሊ ሜትር መሆኑ በሁለቱም ጎን ይለካል፤ ከጥግ እስከ ጥግም በመስቀል ይለካል። ባትሪው ይወጣል፤ የነዳጁ ታንክ ይወርዳል፤ በአከርካሪው ውስጥ የሚያልፈው ቧንቧ ባዶ ሆኖ ሁለቱም ጫፎቹ ይደፈናሉ። የሬንጁ ሽፋን ከእሳቱ ዙሪያ ይፋቃል፤ ሬንጅ ቀስ ብሎ ተያይዞ ሠራተኛው ምሳ ሲሄድ መንደድ ልማዱ ነውና። አሲድ የነካው ቦታ በውሃ በተበጠበጠ ሶዳ ታጥቦ መፍላቱን እስኪያቆም ድረስ ይደገማል። ይህ ካልተደረገ አዲሱን ላሜራ ያው አሲድ ከሥሩ ይበላዋል። ሁለቱ ወገኖች በአንድ ጊዜ አይቆረጡም፤ ግራው ተጠናቅቆ ወደ ቀኙ ይታለፋል።

ስለ ላሜራው ዓይነት በጋራዦች ውስጥ ብዙ ስሕተት አለ። የቤት ክዳን ቆርቆሮ ለመኪና ወለል አይሆንም። እጅግ ስስ ነው፤ በላዩ ያለው ዚንክም ሲበየድ የሚያወጣው ጭስ በያጁን በዚያች ሌሊት በብርድ ብርድና በትኩሳት ይጥለዋል። በርሜል ግን በጅምላ መናቅ አይገባውም። ባለ 200 ሊትር በርሜል ውፍረቱ ብዙ ጊዜ 1 ሚሊ ሜትር ገደማ በመሆኑ፣ ተዘርግቶና ተስተካክሎ ለጭነት አልባ ቦታ ሊያገለግል ይችላል። አደጋው ከመቆረጡ በፊት ምን ይዞ እንደነበረ አለመታወቁ ነው። ቤንዚን ወይም አልኮል የነበረበትን በርሜል በእሳት መቁረጥ ቦምብ ማፈንዳት ነውና፣ በመሮና በመቀስ ብቻ ይቆረጥ። ለሐዲዱና ለባትሪው ሥር ግን ከ1 እስከ 1.2 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ንጹሕ ላሜራ መገዛት አለበት።

የፋብሪካው ወለል ዝርግ አይደለም፤ ወጣ ገባ የሆኑ ሸንተረሮች ታትመውበታል። ሸንተረሮቹ ለጌጥ የተደረጉ የሚመስላቸው ሠራተኞች ዝርግ ላሜራ ይበይዳሉ፤ መኪናው በተንቀሳቀሰ ቁጥር ላሜራው እንደ ከበሮ ይመታል፤ ከጥቂት ጊዜ በኋላም በብየዳው ጠርዝ ይሰነጠቃል። ማተሚያ በሌለበት ጋራዥ ከጠንካራ እንጨት ቦይ ተቀርጾ ላሜራው በላዩ በድቡልቡል መዶሻ ቀስ በቀስ ቢወርድ ሸንተረሩ ይወጣል። ጊዜ ይፈጃል፤ ግን ይሆናል።

ብየዳው ራሱን የቻለ ፈተና ነው። እንደ ሸዋ ሮቢት ባሉ የአውራ ጎዳና ከተሞች ያሉ የብየዳ ቤቶች የሚተዳደሩት በአብዛኛው በር፣ መስኮትና አጥር በመሥራት ነው፤ እጃቸው የለመደው በኤሌክትሮድ ወፍራም ብረት መበየድ ነው። ያው ኤሌክትሮድ በ1 ሚሊ ሜትር ላሜራ ላይ ሲነካ ይበሳዋል፤ ቀዳዳውን ለመድፈን ሲሞከር ሌላ ቀዳዳ ይከፈታል። የኦክሲ አሲቴሊን እሳት አይበሳም፤ ነገር ግን ሙቀቱ ሰፊ በመሆኑ ላሜራውን ያጣምመዋል። የሚሻለው በካርቦን ዳይኦክሳይድ ጋዝ የሚሠራው የሽቦ ብየዳ ነው። አዲሱ ላሜራ በጠርዙ ላይ በየ3 ወይም በየ4 ሴንቲ ሜትሩ በትራፓኖ ይበሳል፤ በአከርካሪው ከንፈር ላይ ተነባብሮ በየቀዳዳው ውስጥ ነጥብ በነጥብ ይበየዳል። ፋብሪካው በነጥብ ብየዳ ያያያዘውን የሚመስለውም ይህ ነው። ነጥቦቹ በተርታ አይሄዱም፤ አንዱ ከፊት፣ ቀጣዩ ከኋላ፣ ሌላው ከመሐል እየሆነ ብረቱ እንዲቀዘቅዝ ጊዜ ይሰጠዋል። የጋዝ ብየዳ ብቻ ያለው ሠራተኛ አጫጭር ነጥቦችን እያራራቀ፣ በእርጥብ ጨርቅ ዙሪያውን እያቀዘቀዘ መሥራት ይችላል፤ ትዕግሥት ካለው ውጤቱ አይከፋም።

ከሁሉ በላይ ጥንቃቄ የሚፈልገው የመቀመጫው ሐዲድ ነው። አሮጌው ወለል ሳይቆረጥ ሐዲዱ ከአከርካሪው ያለው ርቀት፣ ከፊተኛው ግድግዳ ያለው ርቀትና ከፍታው ተለክቶ በእንጨት ላይ ምልክት ይደረጋል። ተቆርጦ ከተጣለ በኋላ በግምት መመለስ አይቻልም። ሁለቱ ሐዲዶች በ3 ሚሊ ሜትር እንኳ ትይዩነታቸውን ቢያጡ መቀመጫው በመንገዱ መካከል ይነክሳል፤ ሾፌሩም በጉልበት ይገፋዋል፤ ፒኑ ግን ጥርስ ውስጥ ሳይገባ በሁለት ጥርሶች መካከል ይቀራል። የሚያስፈራው ይህ ነው። ሾፌሩ ተቆልፏል ብሎ ይነዳል፤ በመጀመሪያው ከባድ ፍሬን መቀመጫው ይንሸራተታል። ስለዚህ ሐዲዱ በጥቂት ነጥብ ብቻ ይያዝና መቀመጫው ይገባል፤ ከፊት እስከ ኋላ በአንድ እጅ እየተሳበ በየጥርሱ መቆለፉ ይረጋገጣል፤ ከዚያ በኋላ ብየዳው ይፈጸማል።

ሐዲዱ በአዲስ ልጣፍ ጠርዝ ላይ ፈጽሞ መቆም የለበትም። ኃይሉ ሁሉ በብየዳው መሥመር ላይ ይወድቅና ላሜራው እንደ ወረቀት በዚያው ይቀደዳል። ከሐዲዱ ሥር ከሐዲዱ በሁሉም አቅጣጫ የሚሰፋ፣ ጥጎቹ የተደለደሉ ባለ 2 ሚሊ ሜትር ድጋፍ ላሜራ ቢበየድ ጭነቱ በሰፊ ቦታ ይከፋፈላል። የሌላ መኪና መቀመጫ አምጥቶ ማሠር በየቦታው ተለምዷል፤ ይህ ሲሆን ቡሎኑ 8.8 የሚል ምልክት ያለበት ይሁን፤ ከወለሉ ሥር ደግሞ ትንሽ ሮንዴላ ሳይሆን እንደ መዳፍ የሰፋ ብረት ይግባለት። በትንሽ ሮንዴላ የተያዘ ቡሎን ስስ ላሜራን እንደ ቆርኪ መክፈቻ ቀዶ ይወጣል። በላሜራ ብሎን የታሠረ መቀመጫ ጨርሶ እንዳልታሠረ ይቆጠር።

የቀረው ሥራ ለዝገት በር መዝጋት ነው። መጋጠሚያዎቹ በማሸጊያ ይሞላሉ፤ ፀረ ዝገት ቀለም ይቀባል፤ ሬንጅ የሚቀባው ከሥር በኩል፣ ቀለሙ በሚገባ ከደረቀ በኋላ ነው። በእርጥብና በዛገ ብረት ላይ የተቀባ ሬንጅ ውሃውን ዘግቶ ያስቀምጠዋል፤ ሳይቀባ ቢቀር ይሻል ነበር። የተቃጠለ የሞተር ዘይት መርጨትም የቆየ ልማድ ነው። ብረቱን ለጥቂት ጊዜ ይጠብቀዋል፤ ነገር ግን የፍሬኑን ጎማ ቱቦዎች ያበላሻል፤ በበያጁም ላይ በሚቀጥለው ጊዜ እሳት ያነሣበታል። ባትሪው በቀበቶው ይታሠር፤ መሸፈኛው ከጠፋ ከወፍራም ጎማ ይሠራለት። የወለሉ የውሃ ማፍሰሻ ቀዳዳዎች በጎማ ክዳናቸው ይመለሱ እንጂ በብየዳ አይደፈኑ።

ስለ ላንድ ሮቨርም አንድ ቃል ማከል ይገባል፤ በገጠር ለብዙ ዘመን ያገለገለ መኪና ነውና። የላንድ ሮቨር አካል በአብዛኛው አሉሚኒየም በመሆኑ አይዝግም የሚል እምነት አለ። አሉሚኒየም እንደ ብረት አይዝግም፤ ነገር ግን ከብረት ጋር በእርጥብ ቦታ ሲነካካ እሱ ራሱ ወደ ነጭ ዱቄት እየተለወጠ ያልቃል። የመቀመጫው ሣጥን በብረት ቡሎን ከብረት ሻንሲ ጋር በታሠረበት ስፍራ ይህ ዱቄት ይታያል። መድኃኒቱ በሁለቱ መካከል ጎማ ወይም ወፍራም ቀለም ማስገባት ነው። የአጭሩ ላንድ ሮቨር የነዳጅ ታንክ ከፊት መቀመጫ ሥር መሆኑንም የሚዘነጋ በያጅ እንዳይኖር ያስፈልጋል።

ሥራው ተፈጽሞ መኪናው ሲወጣ የሚደረገው ሙከራ እንዲህ ነው። መጀመሪያ በቆመበት፣ ሾፌሩ ፔዳሉን በሙሉ ኃይሉ እየረገጠ ሌላ ሰው ሐዲዱን ይመለከታል። ቀጥሎ በሜዳ፣ ከዚያም ከሮቢት ወደ ደብረ ሲና ወጥቶ በዚያው መንገድ ይወርዳል። ሲመለስ መቀመጫው ተነሥቶ በድጋፍ ላሜራው ዙሪያ ቀለሙ የተሰነጠቀ መሆን አለመሆኑ ይታያል፤ ብረት ከመሰንጠቁ በፊት ቀለም ይሰነጠቃልና። ምንጣፉም ወዲያውኑ አይነጠፍም። የመጀመሪያው ዝናብ እስኪያልፍ ወለሉ እርቃኑን ይቆያል፤ ውሃው በየት በኩል እንደሚገባ በደረቀው ቀለም ላይ መሥመሩን ትቶ ይገኛል፤ ያ መሥመር ከተደፈነ በኋላ ምንጣፉ ይመለሳል።